አባቴ የመረጠው ካሜራ

ካሜራውን የመረጠልኝ አባቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እስከ ዛሬ ድረስ ሰው "ያ ካሜራሽ" ሲለኝ ደሜ ስለሚፈላ ነው። አባቴ ከከብትና ከማሽላ በቀር ምንም ነገር መርጦ አያውቅም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለመታወቂያ ፎቶ ተነስቶ፣ "ይሄ አጎቴ ነው፣ የኔን ስጡኝ" ብሎ ከፎቶ አንሺው ጋር አንገት ለአንገት የተናነቀ ሰው ነበር።

ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንድ የፊዚክስ መምህር የፎቶግራፍ ክበብ አቋቁሞ ነበር። ከቤተ ሙከራው ጎን ያለችውን መጋዘን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ጨለማ ክፍል አደረጋት። መድኃኒት ውስጥ በተነከረ ነጭ ወረቀት ላይ ሰው ቀስ እያለ ብቅ ሲል ያየሁ ቀን፣ ሌላ ነገር መሆን እንደማልፈልግ አወቅኩ። መምህሩ የራሱን ካሜራ በተራ ያውሰን ነበር፤ ተራዬ እስኪደርስ ግን ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። አንድ ቀን አባቴን አስጠርቶ፣ "ይቺ ልጅ የራሷ ካሜራ ቢኖራት ራሷን ችላ ትኖርበታለች" አለው። አባቴ በማግስቱ ጊደር ሸጠ። ይህን ውለታውን አልክድም።

ወደ ገበያ ከመሄዳችን በፊት መምህሩ ለብቻዬ መከረኝ። "ሰፊ ፊልም የሚጎርሰውን ፈልጊ። ፊት ይጠራበታል፤ ፎቶውን ስታሳድጊውም አይበላሽም።"

በዚያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ ካሜራ የሚገኘው በአፋር በኩል በግመል የሚገባ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ነበር። ሬዲዮ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሽቶ፣ ሽርጥ፣ ሁሉም ከጓዳ ነው የሚወጣው። ነጋዴው በሩን ገርበብ አድርጎ ሁለት ካሜራ አወጣልን። አንደኛው ትልቅና ከባድ፣ አንዱ ዓይን ካንዱ በላይ የተደረደረለት ነው። ሁለተኛው እጅ ውስጥ የሚጠፋ ትንሽ ነገር። አባቴ ሁለቱንም በየተራ እያነሳ መዘነ፣ አገላበጠ፣ ከፍቶ ሆዳቸውን አየ።

"የትኛው ነው ጎበዙ?" አለ።

"ወላሂ አባባ፣ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው" አለ ነጋዴው። "ትልቁ ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ካንድ ፊልም ግን የሚያወጣው ጥቂት ነው። ይቺ ትንሿ ፊልሙን ለሁለት እየከፈለች ነው የምታነሳው። ሌላው አንድ ሰው በሚያነሳበት ቦታ እሷ ሁለት ታስገባለች።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ በርቷል። "ሰማሽ? መንታ የምትወልድ ናት!"

"አባ፣ መምህሩ ትልቁን ነው ያለኝ። በትንሿ ያነሱት ፎቶ ሲያድግ ይደበዝዛል።"

"መምህሩ ጊደር አልሸጠም" አለና ትንሿን ኪሱ ከተታት።

እስከ ቤት ድረስ አኩርፌ ሄድኩ። እሱ ግን መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ መንታ ወላጇን ያሳይ ነበር።

እውነትም መንታ ወላጅ ነበረች። ፊልሙ ላይ ሰዎቹ ጎን ለጎን፣ በቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። የፎቶ ማጠቢያ ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ መምህሩ ሁለቱን ባንድ ወረቀት ላይ እንዳትም አዘዘኝ። እንዲህ ሆኖ እኔ ያነሳሁት ሰው ሁሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጣምሮ ይወጣል። አንዲት ሙሽራ ከአህያችን ጋር ወጥታ ዘመዶቿ ሊደበድቡኝ ነበር። ያኔ እኔም ስቄያለሁ።

በአዝመራ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ማሳው ዳር አነሳሁት። እናታችን ከሁለታችን ማንን እንደምታስበልጥ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔም እሱን ከራሴ አስበልጥ ስለነበር አልቀናሁም። ጥንቅሽ እየላጠ ነበር። "ልጣለው እንዴ?" ሲለኝ "ያዘው" አልኩት። ጥንቅሹን ትከሻው ላይ እንደ ጠመንጃ አጋድሞ፣ አፉ እንደሞላ ሳቀ። ቁልፉን ተጫንኩት።

ወደ ቤት ስመለስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መንገድ ላይ አስቆመኝ። "ገበሬ ብቻ ነው እንዴ የምታነሺው? እስቲ እኔንም አንሺኝ" አለ። እንዲህ ያለውን ሰው እንቢ የሚል አልተፈጠረም። ካኪውን ጎተት ጎተት አደረገ፤ ሽጉጡ እንዲታይ ወገቡን ወደ እኔ አዞረ። ተጫንኩት።

ሲታጠብ ሁለቱ ባንድ ወረቀት ወጡ። ወስጄ ሳሳየው ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ። "ከዚህ ጥንቅሽ በላተኛ ጋር ምን አጣበቀኝ? ለብቻዬ፣ ትልቅ አድርገሽ አምጪ" ብሎ መለሰልኝ። እናቴ ግን ወንድሜን አይታ አልጠግብ አለች፤ ወረቀቱን ከነሊቀመንበሩ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። አባቴም ደስ አለው። "ይሁን፣ ለክፉ ቀን ይጠቅመናል። እቤታችን ተሰቅሎ ራሱን ሲያይ ያፍራል" አለ።

ክፉው ቀን ብዙ አልቆየም። ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ተጀመረ፤ ከቀበሌያችን መውጣት ያለበት ሰው አልሞላ ሲል ሊቀመንበሩ ታጣቂዎቹን አስከትሎ በየቤቱ ገባ። እኛም ቤት ገባ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ራሱን አየ፤ ፈገግ አለ። ወንድሜን ይዞ ወጣ።

ካሜራዬንም የወሰደው እሱ ነው። የዘማቾቹን ሽኝት የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል ብሎ አስመጣኝና አነሳሁ፤ ሲያልቅ ካሜራውን ከእጄ ተቀብሎ "ለድርጅት ሥራ ይፈለጋል" አለኝ። ካሜራውን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። መምህራችን ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ ትምህርት ቤታችን ጦር ሰፈረበት፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የነበሩትን ኔጋቲቮች ወታደሮቹ እሳት ማቀጣጠያ አደረጓቸው። ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው በዚያች ወረቀት ብቻ ነበር።

መርዶው የመጣው ከእሱ ጋር ዘምቶ፣ ቆስሎ በተመለሰ የጎረቤት ልጅ ነው። በዓይኑ አይቷል፤ የቀበረውም እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊነጋጋ ሲል መጥተው ለአባቴና ለእናቴ አረዱ። በእኛ አገር ሬሳው ያልመጣ ሰው የሚለቀሰው በፎቶው ነው። ፎቶው አልጋ ላይ ከልብሱ ጋር ይደረግና ሴቶቹ ዙሪያውን ሆነው ደረታቸውን ይደቃሉ። ግን የወንድሜን ፎቶ አልጋ ላይ ያደረገ ሰው ሊቀመንበሩንም አብሮ ማድረጉ ነው። ማን ነው እሱ እያየው የሚያለቅስ? አባቴ ምላጭ አምጥቶ ሁለቱን ሊለያይ ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳ።

እናቴ ዘልላ እጁን ያዘችው። "ልጄ ላይ ስለት አታነሳም!"

"አንቺ ሴት፣ ወረቀት እኮ ነው።"

"የሚቆረጠው የሞተ ሰው ነው። የኔ ልጅ አልሞተም። ያ ልጅ ያየው ሌላ ሰው ይሆናል። ልጄን በቁሙ አትቁረጥብኝ!"

ሽማግሌዎቹ ለመኑ፤ ቄሱም ለመኑ። አልሰማችም። ድንኳን አልተተከለም፤ ተዝካር አልወጣም። ወረቀቱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። እናቴ በየማለዳው ለልጇ "እንዴት አደርክ" ስትል፣ ያስገደለውም ሰው አጠገቡ ቆሞ ሰላምታውን ይሰማ ነበር። እኔ ወደዚያ ግድግዳ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ እበላ ነበር።

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ማሽላ ስንጠብቅ አላስችል አለኝ። "ትልቁን ካሜራ ገዝተህልኝ ቢሆን ፎቶው ላይ ብቻውን ይቆም ነበር" አልኩት። ወንጭፉን አሽከርክሮ ድንጋዩን ወደ ወፎቹ ለቀቀው። ከዚያ፣ "እኔ ብዙ እንዲኖርሽ ብዬ ነው" አለ። ላዝንለት ይገባ ነበር። አላዘንኩለትም።

የመንግሥት ጦር ቆቦን ለቆ ሲሸሽ ሊቀመንበሩም አብሮ ሸሸ። ከጎብዬ በታች መንገድ ላይ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ሰፈሩ ሲሰማ እልል ሊል ምንም አልቀረው። እናቱ ደጅ ለቅሶ የደረሰ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ፣ አሮጊቷ ብቻዋን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እያየሁ፣ እሰይ ብያለሁ።

ከዚያ አሮጊቷ እኛ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ አልገባም ብላ፣ እናቴን ለመነቻት። "እህቴ፣ አዲስ የገቡት ታጋዮች ቤቱን በርብረው ወረቀቱንም ፎቶውንም ሁሉ ወሰዱብኝ። ፊቱን የማይበት አንድ ነገር የለኝም። እዚህ እናንተ ጋ አለ አሉኝ።"

"ልጅሽ የኛን ልጅ ሲወስድ የት ነበርሽ?" አልኳት። አሁንም ብትመጣ ያንኑ እላታለሁ።

እናቴ "ዝም በይ" አለችኝ። ግድግዳው ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ወረቀቱን አወረደችና አባቴን "ምላጭህን አምጣ" አለችው። አባቴ አመጣ። ወረቀቱን በርጩማ ላይ አጋድማ በጥቁሩ መስመር ላይ ቆረጠችው። ምላጩ አንድ ቦታ ላይ ሳተ፤ የወንድሜ ጥንቅሽ ጫፍ ከሊቀመንበሩ ጋር ሄደ። ለአሮጊቷ በሁለት እጇ ሰጠቻት። አሮጊቷ ፎቶውን ሳመችና ጉያዋ ከታ ሄደች።

ግማሹ በእናቴ እጅ ቀረ። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ነበር። የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ደጋግማ ዳሰሰችው። አልጋው ላይ አጋደመችው፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መቀነቷን አጠበቀች፤ ከዚያ ያንን ሁሉ ጊዜ ያፈነችውን ጩኸት ለቀቀችው።

ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን እየጣለ እየሮጠ መጣ። "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" ይላሉ። ወንድሜ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር።