ፍሬን የሌለው ጉዞ

ጋሽ ፍሬን ዕድሜያቸውን የፈጁት በአገር አቋራጭ አውቶቡስ መሪ ላይ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እንኳን ሰው ዶሮ ገጭተው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን መኪና የሚባል ነገር ላይ ወጥተው አያውቁም። «ሌላ ሰው መሪ ይዞ እኔ ከኋላ ልቀመጥ? ወይ ፍንክች» ይላሉ። ኩራት ያስመስሉታል እንጂ ነገሩ ፍርሃት ነው። እግራቸው ሥር ፍሬን ከሌለ ነፍሳቸው አትረጋም።

በዚህ መሐል ልጃቸው የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ባለቤታቸው ሻንጣ ሸከፉና «ቅዳሜ እሄዳለሁ። ብትመጣ ና፣ ብትቀር ልጅቷ በፎቶ ትወቅህ» ብለው ነገሩን ጨረሱት።

ጋሽ ፍሬን ሬዲዮ ከፈቱ። ባይከፍቱት ይሻል ነበር። አንድ የጠፈር ምሁር ያወራሉ፦ ፀሐይ ምድርንና ሌሎቹን ፕላኔቶች አስከትላ ፍኖተ ሐሊብ በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ በሰከንድ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትከንፋለች፤ መንገዷ ላይ የጋዝና የአቧራ ደመና ሊገጥማት ይችላል። አድማጭ ይደውል ሲባል ጋሽ ፍሬን ደወሉ።

«ሹፌሩ ማነው?»

«ሹፌር እንኳ የለውም፣ አባቴ።»

«ፍሬንስ?»

«እሱም የለውም።»

«አቧራው ውስጥ ስንገባ ታዲያ ማነው ፍጥነት የሚቀንሰው?»

ምሁሩ ሳቁ። ነገሩ ቢመጣም ገና ስንት ሺህ ዓመት እንደሚቀረው ማስረዳት ሲጀምሩ ጋሽ ፍሬን ስልኩን ዘግተው ገመድ ፍለጋ ሄደዋል።

ደህና ሹፌር አቧራ ሲመጣ መስኮት ያዘጋል፣ መብራት ያበራል፣ ጭነቱን ያጠብቃል። እሳቸውም ሳይቃጠል በቅጠል ብለው በጠራራ ፀሐይ የቤቱን አምፖል በሙሉ አበሩ፤ መስኮቱን ጠረቀሙ፤ ቁም ሳጥኑን ከአልጋው፣ አልጋውን ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር ጠፈሩት። የባለቤታቸው ሻንጣም አብሮ ታሰረ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ቤት ልትለቁ ነው?» አላቸው።

«እየሄድን እኮ ነው። አንተም መቀስህን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥ።»

ልብስ ሰፊው ምን ይታወቃል ብሎ ሄዶ ደበቀው።

ባለቤታቸው ከገበያ ሲመለሱ ሻንጣቸውን ጎተቱ፤ አልጋው አብሮ መጣ። ጋሽ ፍሬን ሁሉንም አስረዱ። በመጨረሻም ጣታቸውን በጠረጴዛው ላይ አሽተው አሳዩ፤ «ይኸው አቧራ። ገብተንበታል።»

«ይኼማ ትናንት ጥረግ ብዬህ የተውከው ነው» አሉ ባለቤታቸው። ከዚያ የታሰረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ ልጠይቅህ። ይኼ የምትለው ነገር ሹፌር የለውም?»

«የለውም።»

«ፍሬንም?»

«የለውም አልኩሽ።»

«ከተወለድክ ጀምሮ እዚያ ላይ ነህ?»

ጋሽ ፍሬን የጣታቸውን አቧራ ማራገፍ ጀመሩ።

«እንግዲያው ሹፌር የሌለው ላይ ሸብተህ፣ ሹፌርም ፍሬንም ያለውን ትፈራለህ?»

ጋሽ ፍሬን ገመዱን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ። ቋጠሮው የአውቶቡስ ጣሪያ ቋጠሮ ነውና በጅ አልል አለ። መቀስ ለመዋስ ቢሄዱ ልብስ ሰፊው የት እንደደበቀው ጠፍቶት ሲያተራምስ አመሸ።

ቅዳሜ ጋሽ ፍሬን አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ያዝ ያደርጉላቸዋል። አስፋልቱ አልቆ ከፊት ያለ የጭነት መኪና አቧራውን ሲያቦነው ወጣቱ ሹፌር ፍጥነት ቀነሰ፣ መብራት አበራ፣ «መስኮት ዝጉ» አለ። ጋሽ ፍሬን በሹክሹክታ «ያውቃል» አሉ። ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ማምሻውን ልጃቸው ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኛችላቸው። ሕፃኗ ድንገት ደንገጥ ብላ የምትይዘው እንዳጣ ሰው ሁለት እጇን ዘረጋች። ጋሽ ፍሬን ጣታቸውን ሰጧት፤ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

«አይዞሽ» አሏት። «እኔም ተሳፋሪ ነኝ።»