ሳያዩ የማይቀድሙት ጋሽ ቦሩ

ጠዋት የነገሌ ልጆች ግሩፕ ላይ ፎቷቸውን ሳይ ልጃቸውን የዳሩ ነበር የመሰለኝ። ጽሑፉን አነበብኩና ስልኩን አስቀመጥኩት። ከዚያ አንስቼ ወደ ራሳቸው ስልክ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም። ዝግ ነው።

የነገሌው የሚኒባስ ሹፌር ጋሽ ቦሩ ትናንት ከፊልቱ ሲመለሱ በመኪና አደጋ አረፉ።

ዘመዴ አይደሉም። ግን ልጄ ሳምራዊት "አካኮ" እያለቻቸው ነው ያደገችው፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። ምክንያቱን ለማታውቁ ልንገራችሁ።

እሷን ልወልድ ነገሌ ላይ ምጡ ጠናብኝና ሐዋሳ ውሰዷት ተባለ። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ወጥቷል። ጋሽ ቦሩ የጫኑትን ተሳፋሪ ለምነው አስወረዱና የኋላ ወንበር ላይ አስተኙኝ። ወታደሩ ወንድሜ ጋቢና ገባ።

ያኔ መንገዱ አስፋልት አልነበረም። ከዋደራ በኋላ እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ፊታችን ገጠመን። ይንፏቀቃል፣ አቧራውን ይለቅብናል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ኩርባው አያልቅም። እኔ እጮሃለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ እንዲቀድሙት ለመናቸው፣ ቆይቶ ተቆጣ። እሳቸው ራቅ ብለው ይከተላሉ። በመጨረሻ መሪውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

"እህትህን ይዤ ሳላይ አልወጣም" አሉት። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ብዙም ሳይቆይ ከአቧራው ውስጥ የነዳጅ ቦቴ ብቅ አለና በጎናችን አለፈ። ወጥተን ቢሆን ፊት ለፊት ነበር። ወንድሜ እጁን ሰበሰበ።

ኩርባው አልቆ መንገዱ ሲገለጥ መብራት አበሩ፣ ክላክስ ነፉ፣ ሹፌሩ ዳር እስኪይዝላቸው ጠበቁ፤ ከዚያ ሳያቅማሙ አለፉት። ሐዋሳ ደረስን። ሳምራዊት ተወለደች።

"ሳላይ አልወጣም" የሁልጊዜ ንግግራቸው ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ወጣቶቹ ሹፌሮች በዚህ ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ትናንት አብራቸው የነበረች አንዲት እናት ዛሬ በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። አንድ ፒካፕ ኩርባ ላይ ከባድ መኪና ደርቦ ሊያልፍ ወጥቶ መጣባቸው። ጋሽ ቦሩ በራሳቸው መስመር ናቸው። መሪውን ወደ ዳር አዞሩለት። ሚኒባሱ ከመንገድ ወርዶ በእሳቸው በኩል ተገለበጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ተርፏል፤ የተሰበረ አለ፣ ከእሳቸው በቀር የሞተ የለም።

ፒካፑን የሚነዳውም ልጅ ደህና ነው። አስከሬናቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር አለችኝ። መትረፉን ስሰማ የተሰማኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሳምራዊት ገና ትምህርት ቤት ናት። አልሰማችም።

ጋሽ ቦሩ፣ ነገ ከቦሬ ይዣት እመጣለሁ። ወንድሜም ከካምፕ ፈቃድ ጠይቋል፤ ከሚሸከሙዎት አንዱ ካልሆንኩ ብሏል። አንቱ በቦሬ ባለፉ ቁጥር ደጃችን ቆመው ልጅቷን ስመው ይሄዱ ነበር እንጂ አንድ ቀን ተቀምጠው ምሳ አልበሉልኝም፤ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል እያሉ።

አሁን የሚጠብቅዎት ተሳፋሪ የለም። አረፍ ይበሉ። ናጋቲ፣ በሰላም ይሂዱ አባቴ።