የወይራ አፋፍ ታሪክ ያለቀበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ጄኔቭ ለዛቫንሼ በሚባለው የፎቅ መንደር ሳድግ፣ የብርዱን ወራት የምወደው ለበረዶው ሳይሆን ጀንበር ቶሎ ስለምትጠልቅ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ሙሄ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በወሎዋ የትውልድ ቀበሌያቸው «ተረት በቀን ካወሩት ከብት ይጠፋል» ስለሚባል፣ ውጭው ድርግም ብሎ ሳይጨልም አፋቸውን አይከፍቱም። በበጋ ፀሐይዋ አልጠልቅም ስትል እኔን እንቅልፍ ይቀድመኝና ወሬው ለከርሞ ያድራል።

የሚያወሩልኝ የጅብና የጦጣ ተረት አልነበረም፤ የቀበሌያቸው የወይራ አፋፍ ታሪክ ነበር። ያኔ መብራቱን አጥፍተው አንዲት ሻማ ያበሩና ጀርባቸውን ለቤት ማሞቂያው ለሾፋዡ ሰጥተው፣ ጫካውን መንጥሮ መጀመሪያ የሰፈረው ማን እንደሆነ፣ ሰው ሲሞት ቅሬ የሚሉት ዕድራቸው አባላት አካፋቸውን ይዘው እንዴት እንደሚወጡ፣ ሊቀ መንበር የነበሩት አባታቸውም በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን ድንበሩ ላይ እንዲያድሩ ፈርደውባቸው፣ ሲነጋ ሁለቱ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው እንደተገኙ ይነግሩኛል። የሻማው ጭስ አፍንጫዬን እየሰረሰረኝ፣ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎችን በየስማቸው እያወቅሁ አደግሁ።

አንድ የበጋ ምሽት ከአገር ቤት ስልክ ተደወለ። ወጣቱ አረብ አገር ሄዶ፣ ሽማግሌው አልቆ፣ ሰው አንሷል ተብሎ ወይራ አፋፍ ፈርሳ ከጎረቤቷ ከደረቅ ወንዝ ቀበሌ ጋር ተቀላቅላለች። አባባ ሙሄ ስልኩን አስቀመጡና ጠሩኝ። ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች።

«ነይ ቁጭ በይ፣ ልጨርስልሽ።»

«አባባ ሙሄ፣ ገና ሶሌይ አለ! ከብቱ ይጠፋል!»

«ምን የቀረ ከብት አለና ነው የሚጠፋው፣ ልጄ?»

በጥድፊያ አወሩልኝ፤ ድርቁን፣ ሰፈራውን፣ በሩን ዘግቶ የሄደውን ሁሉ በየስሙ። አላለቀሱም። እኔ ግን ፊታቸውን በብርሃን ሳየው ፈራሁ። «ከዚያስ?» ስላቸው «ከዚያማ የለም» አሉና ለመግሪብ ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ። ብርዱ ሲመለስ ብለምናቸውም ሻማ አላበሩም።

ዛሬ የምኖረው ዙሪክ ነው። ባለፈው ዒድ አባባ ሙሄ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ላንግሽትራሰ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አባባ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አላቸው።

«ደረቅ ወንዝ» አሉት።

ልጁ «ደረቅ ወንዝማ አውቃታለሁ!» ብሎ በደስታ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ላርማቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ራሳቸው የተዉትን ስም እኔ ምን ብዬ ልሟገትለት? ያኔ ከሰማሁት ሁሉ አንዱም አልጠፋኝም፤ የምነግረው ሰው ነው የሌለኝ። የልጆቼ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም። አባባ ሙሄ ሲያልፉ ወይራ አፋፍን የማውቃት እኔ ብቻ እቀራለሁ፤ እኔም አይቻት አላውቅም።