ዲኦአይ የሌለው ጥናት

የባዮሎጂ መምህር ሆኜ አሰላ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። የማስተርስ መመረቂያዬን በስንዴ ዋግ በሽታ ላይ ልሠራ መሆኑን ስነግራቸው ወደ ጓዳ ገቡና በታይፕ የተጻፈ ጥራዝ ይዘው ወጡ። በወጣትነታቸው ኢተያ ሲሠሩ የጻፉት ጥናት ነው። ዋጉ በየትኛው ማሳ ቀድሞ እንደታየ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበረ፣ ገበሬው ምን እንዳለ፣ ሁሉንም በእግራቸው እየዞሩ መዝግበውታል። ስለዚያ አካባቢ ያን ያህል የሚነግረኝ ሌላ ጽሑፍ አላገኘሁም።

«ስሜ ይገባል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንዴታ ጋሼ! ዋቢዎቹ ውስጥ አስገብቼዎታለሁ።»

ዓይናቸው በዚያን ጊዜ እየደከመ ነበር። ሳቁ።

አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልስልኝ ስማቸው ላይ በቀይ አስምሮበታል።

«ይሄ ዲኦአይ የለውም» አለኝ። ዲኦአይ ለታተመ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ ቁጥር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ሲያስገቡት ቀጥታ ጽሑፉ ዘንድ ያደርሳል።

«መጽሔት ላይ አልወጣም እኮ። ግን ጥራዙ እኔ ጋ አለ፤ ላምጣልህ?»

«አንቺ ጋ መኖሩ ምን ያደርጋል? ፈታኞቹ ከየት ያገኙታል? ዲኦአይ የሌለው ዋቢ እንዲወጣ መመሪያ አለ።»

ለአንድ መጽሔት አዘጋጆች ጻፍኩ። ቁጥሩን የሚሰጡት ራሳቸው ለሚያሳትሙት አዲስ ጥናት ብቻ እንደሆነ መለሱልኝ። ማስረከቢያው ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስማቸውን አወጣሁ፤ በእሳቸው ጥናት ላይ የቆሙትን አንቀጾችም ሰረዝኩ። በምትኩ አርሲን ረግጦ የማያውቅ ሰው የጻፈውን አስገባሁ። ቁጥሩን ስነካው ወዲያው ተከፈተ። አማካሪዬ ምዕራፉን ወደደው።

ከተመረቅሁ በኋላ ጋሼ የተጠረዘውን መመረቂያ አምጪ አሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ስሜ ያለበትን ገጽ አውጪና ጣቴን አስቀምጪበት።»

ጣታቸውን ያዝኩ። የትም ባሳርፈው አያዩም ነበር። ያን ማድረግ ግን አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ስምዎን ከውስጡ አውጥቼዋለሁ» አልኩ። ስለ ቁጥሩም፣ ስለ መመሪያውም ነገርኳቸው።

ጣታቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡ።

«ልክ ናቸው» አሉ። «ማን ያገኘዋል?»

«ጥራዙን እኔ እንደገና ጽፌ ኢንተርኔት ላይ አወጣዋለሁ።»

«ዲሲ» አሉኝ በኦሮምኛ። «ተይው ልጄ። ለማን ብለሽ?»

በማግስቱ ጥራዙን መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላም ሰላምታዬን ይመልሱ ነበር፤ ስለ ትምህርቴ ግን ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ግቢው ጠበበኝ። ሌላ ቤት ፈልጌ ወጣሁ።

ዓይናቸው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ላያቸው ሄጄ፣ ልጃቸውን በር ላይ ስለ ጥራዙ ጠየቅኋት። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አታውቅም። ጓዳውን ፈትሻ ተመለሰችና «የለም» አለችኝ። ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጣሉ። እሳቸውን መጠየቅ አልደፈርኩም።