በጣቴ የደፈንኩት ረድፍ

«ግድግዳው ሲያልበው አትጥረጊው። ተይው፣ ይተንፍስ።»

ልጅ ሳለሁ ይህን ያሉኝ አባባ ኤርሲዶ ናቸው። በስደት ከተማችን፣ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ሆነን በምንኖርበት አሮጌ ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል የእሳቸው ነበረች። ዘመዳችን አይደሉም፤ እንደኛ የሆሳዕና ሰው ስለሆኑ አባዬ አስጠግቷቸው ነው። አገር ቤት ሳሉ ግንበኛ ነበሩ።

ቤቱ ቀይ የሸክላ ጡብ ነው። መስኮቶቹ ረጃጅምና ጠባብ፣ አናታቸው በቅስት የተጠማዘዘ፤ የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ርቆ የወጣና በተጠረበ እንጨት የተደገፈ፤ በስተግራ በኩል ደግሞ እርግቦች የወረሱት አራት ማዕዘን ማማ ነበረው። እማዬ ጣሊያን የሠራው ነው ትል ነበር። አባባ ኤርሲዶ ይስቃሉ። «ጣሊያን አልሠራውም። የጣሊያን ቤት አይቶ የቀና ሀብታም ነው ያሠራው።» በሩ አጠገብ ያለው ሰማያዊ ሰሌዳ ቤቱ ቅርስ ነው ይላል፤ ማን እንደሚጠግነው ግን አይልም።

ያኔ መብራት በየምሽቱ ስለሚጠፋ፣ ልጆቹ በነጭ ጋዝ ምድጃው ዙሪያ ተጠጋግተን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የአባባን ተረት እንሰማ ነበር።

«አንድ ቤት ነበረ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያለቅስ። ባለቤቱ በልቅሶው አፈረና ፊቱን በብረት ሸፈነው። ቤቱም ዝም አለ። እንባውን ወደ ውስጥ ዋጠ፣ ዋጠ…»

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ ሆዱ ተነፋ» ብለው ጉንጫቸውን ይነፉልናል። በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው በጡቦቹ መሐል ያለውን ነጭ መስመር አሳዩኝ። «ይኼ ኖራ ነው። ጡቡ የጠጣውን ውሃ በዚህ በኩል ያወጣል። ሲሚንቶ ከደፈንሽበት መውጫ ያጣል» አሉኝ።

ከዚያ አባባ ኤርሲዶ የታመመ ዘመዳቸውን ትንሽ ሱቅ፣ ስፓዛውን፣ ሊጠብቁ ቴምቢሳ ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት አንድ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ከወጥ ቤቱ በር እስከ መኝታችን የሚሄደው ግድግዳ መሰንጠቁን አየና፣ ካልተጠገነ ሁላችሁም ትወጣላችሁ አለ። እሑድ ከቸርች መልስ የቤቱ ወንዶች በባኪ፣ በትንሿ ጭነት መኪና፣ ሲሚንቶ ጭነው መጡ።

«አባባ ኤርሲዶ ሲሚንቶ አይወዱም» አልኩት አባዬን።

«አባባ ኤርሲዶ ስልክም አይወዱም» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስለ ኖራውና ስለ መውጫው ሳልነግረው ቀረሁ። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን የታች ረድፍ «ይቺ የአንቺ ናት» ብሎ ሰጠኝና፣ ሲሚንቶውን በጣቴ እየጫንኩ ደፈንኳት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አባባ ሲመለሱ አባዬ በወንዶቹ ፊት እጃቸውን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰዳቸው። «እንዴት ነው አባባ፣ ግንበኛ አልሆንኩም?»

ግራጫውን መስመር በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። «እጅህ ይባረክ» አሉ። በዚያ ምሽት ያንኑ ተረት እንደገና ነገሩን፤ ሆዱ ተነፋ ያሉት ግን ጉንጫቸውን ሳይነፉ፣ አባዬን እያዩ ነበር። አባዬ ስልኩን ይነካካ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ምድጃው መለስኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያስጠጋቸውን ሰው በጓደኞቹ ፊት ሥራህ አይሆንም እንዳይሉት ይሉኝታ ያዛቸው፤ ተረቱ እንዲነግርላቸው ተዉት። እኔ ገብቶኝ ነበር።

አሸንዳው ተሰርቆ ስለነበር ውሃው ከላይ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመት የጡቦቹ ፊት ይላጥ፣ ግድግዳውም ወደ እኛ ያብጥ ጀመር። የምንሄድበት ስላልነበረን እማዬ አልጋውን ትንሽ ፈቀቅ አደረገችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየጣለ፣ ግድግዳው መስኮቱን ከነቅስቱ ይዞ አልጋው ላይ ወረደ። አባዬ ከሥራ ገብቶ እዚያው ጋደም ብሎ ነበር።

ከአባዬ ቀብር በኋላ አባባ ኤርሲዶ ተረት ነግረው አያውቁም። እኔም ትምህርቴን አቋርጬ ቴምቢሳ፣ ከስፓዛው የብረት ፍርግርግ ጀርባ ሻጭ ሆኜ ቆምኩ። የተረቱን እያንዳንዱን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ለልጄ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ባለፈው ወር ፎርድስበርግ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ፣ ልጄን እንዳዘልኩ መንገዴን ወደ ትሮይቪል አዞርኩ። ቤቱ ለጥገና ታጥሯል። ሠራተኞች በትናንሽ መሮ ሲሚንቶውን ከጡቦቹ መሐል እየፈለፈሉ ያወጣሉ፤ በርሜል ውስጥ ኖራ ተዘፍዝፏል።

«ሳውቦና፣ ሲሲ» ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለኝ አንዱ ሽማግሌ ሠራተኛ። እዚህ እኖር ነበር ስለው አስገባኝ። ከወጥ ቤቱ በር ጎን ያለችውን የታች ረድፍ አሳየሁት፤ አልነኳትም ነበር። ጎንበስ ብሎ አያት።

«የጣት ምልክት አለባት። የትኛው ግንበኛ ነው በጣቱ የሚሠራው?» ብሎ ሳቀ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቁን ተወና መሮውን አቀበለኝ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ ተንበርክኬም ከዳር መፈልፈል ጀመርኩ።