ሳይነበብ አንነሣም

ያሰሩኝ ወረታ፣ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት የገለባው ብናኝ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። አሥር ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ይግቡ እትየ፣ እንግዲህ ቤትዎ ነው» አለችኝ አንዷ፣ የቄስ ሚስት የሆነችው። ሌሎቹ ሳቁ።

ያሳሰረኝ ስብሰባ ነው። ቀበሌያችን ቁሐር ሚካኤል ላይ ስለ ጎርፍ መቀየሻው ቦይ ተጨቃጭቀን፣ ምን እንደተወሰነ ሳንነጋገር ተበተንን። ጸሐፊው ብቻውን ቀርቶ ቃለ ጉባኤው ላይ ያላልሁትን ጻፈ፤ ሕዝብ አነሣሥታለች አለ። የሴት ልጁ የክርስትና እናት ነኝ።

ሌሎቹም ከየቀበሌያቸው በዚሁ ክስ የመጡ ናቸው። መጋዘኑ ውስጥም ስለ መኝታና ስለ ውኃ በየቀኑ እንሰበሰባለን፤ በየቀኑ በጭቅጭቅ እንነሣለን። ሥርዓት አወጣሁ። ከመነሣታችን በፊት የተወሰነው ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ እያንዳንዷ በራሷ አፍ ትደግማለች፤ አላልሁም የምትል ካለች እዚያው ይታረማል። ከዚያ ነጠላችንን ከገለባው አራግፈን እንነሣለን።

«የቄስ ትምህርት ቤት አደረጉት እኮ» አለች የቄሱ ሚስት። ሆኖም ደገመች።

አንድ ጠዋት የጠባቂዎቹ አዛዥ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ መጣ። በሩን ከኋላው ክፍት ተወው፤ ሩዙ እስከ ሩቅ አረንጓዴ ነው።

«መክረናችኋል፣ ተስማምታችኋል። ጣታችሁን አሳርፉና ወደየቤታችሁ።»

ከአንበሳሜ የመጣችው ሴት የሚጠባ ልጅ ቤት ጥላለች። ፈጥና ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

«ስብሰባው አላለቀም። ያንብቡልን» አልሁት።

«ለማን ነው የማነበው? ለመሃይም?»

«ለመሃይም ነው እንጂ። የተማረማ ራሱ ያነባል።»

ማንም አልተነሣም። ሲሰለቸው አነበበ፦ ሕዝብ አነሣሥተን መበደላችንን አምነን ምሕረት ጠይቀናል ይላል።

«አላልሁም» አለች የቄሱ ሚስት። ቀጥላ ያለችው ደገመች። ተራው ዞሮ የአንበሳሜዋ ሴት ዘንድ ደረሰ። ክፍቱን በር አየች። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

«እኔም አላልሁም።»

በሩ ተዘጋ። ነጠላችንን አራግፈን ተነሣን።

ሳንፈርም የወጣነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የዚያች ሴት ጡት እስከዚያ ደርቆ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ልጇ ግን ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ እናቱም ስታገኘኝ ጉንጬን ትስማለች።

አሁን የቦዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ጸሐፊው ያው ሰውዬ ነው። ይውረድ ሲሉ እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ብዬው ግን አይደለም። ስብሰባ ሲያልቅ ቆሞ የጻፈውን ሁሉ ያነባል። ስሜ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ጮክ በል አበልጄ» እለዋለሁ፤ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»