ሦስተኛው ጥሪ

በዚያ ክረምት ጉዲሳ ማንም ሳይጠራው አቤት ማለት ጀመረ።

ነፋስ የቆርቆሮውን በር ሲገፋው «አቤት» ይላል። ድመት ከአጥሩ ላይ ስትዘል «አቤት» ይላል። ከታች ከፈረንሳይ ሰፈር መንገድ ወያላው «ስድስት ኪሎ የሞላ» ብሎ ሲጮኽ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ «አቤ…» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። ሚስቱ ቢፍቱ በሩ ላይ ጎመንና ቃሪያዋን ዘርግታ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ እጇን ከጎመኑ ላይ አንሥታ ታየዋለች።

ጉዲሳ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። አባቱ በዳዳ ያርሱት የነበረው መሬት ከተማ ሲሆን፣ ለልጁ የተረፈው አፈሩን ከላይ ማረስ ሳይሆን ወደ ውስጡ መውረድ ሆነ። በጋውን እጁ አያርፍም። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉ፣ ከኮተቤ እስከ ቀበና፣ ጉዲሳ የት አለ ይባላል። ክረምት ሲገባ ግን ሰው ውሃን ይረሳል፤ ከጣሪያው በአሸንዳ በርሜሉ ውስጥ ይወርድለታል። መሬቱም አይታመንም። ቆፋሪዎች «አፈሩ ጠጥቷል» ይላሉ። የጠጣ አፈር እንደ ጠጣ ሰው ነው፤ መቼና ወዴት እንደሚወድቅ ራሱም አያውቅም።

እናም ጉዲሳ ይቀመጣል። የተሳለ ዶማ መልሶ ይስላል። ገመዱን ተርትሮ እንደገና ይገምዳል። የእንጦጦ ጉም ባህር ዛፉን ዋጥ፣ መለስ ሲያደርግ እያየ ይውላል። ቢፍቱም ጎመኗን እየቀነጠሰች፣ ለራሷ ይሁን ለሱ ሳይታወቅ፣ እንዲህ ታንጎራጉራለች።

ሰማይ ቢያለቅስለት ገበሬው ዘራበት፣
የኔ ሰው ምን ያርገው ጉድጓዱ ሞላበት።

ማጣቱን አልነበረም የፈራችው። ማጣትን ታውቀዋለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አብሯቸው የሚገባ የዘመድ እንግዳ ነው። የፈራችው ሥራ የጠፋበት ሰው ለማንኛውም ሥራ እሺ ማለቱን ነው።

«ማን ጠራህና ነው?» ትለዋለች።

«የጠሩኝ መስሎኝ።»

«እናቴ ምን ትል እንደነበር ታውቃለህ።»

ያውቃል። ሰው ከሆነ ይደግማል፤ የእውነት የሚፈልግህ ከሆነ ይሠልሳል። አንዴ ጠርቶ ዝም የሚለው ሌላ ነው። እሱ ድምፅህን ነው የሚፈልገው፤ ከሰጠኸው ይዞት ይሄዳል። ቢፍቱ ይህንንም በዜማ ይዛዋለች፦

አንዴ ለጠራህ ሰው አቤት አትበለው፣
የሚወድህማ ሰው ጥሪው ሦስቴ ነው።

«ጎመኑ ያኖረናል» አለችው አንድ ቀን። «መስከረም ሩቅ አይደለም። እስከዚያ ከምድር በላይ ሁንልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ሚስቱ ጎመን ሸጣ የምታበላው ይሉኛል።»

«ይበሉ። የሚሉህን ቢሉህም እንድትኖርልኝ ነው የምፈልገው።»

ይህን ባለች በማግስቱ ጉሙ እስከ ደጃቸው ወርዶ ነበር። ከበሩ ውጭ አንድ ድምፅ፣ «ጉዲሳ» አለ። አንዴ ብቻ።

«አቤት» አለ ጉዲሳ፤ ብሎም ሳይጨርስ በሩን ከፍቷል።

ጃንጥላ የያዙ አሮጊት ቆመዋል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ይባላሉ፤ ከላይ፣ ቤቶቹ አልቀው ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው የመጡት። ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ እንዲቆፈርላቸው ይፈልጋሉ፤ አሁኑኑ።

«እማማ፣ ክረምቱ ይውጣና በጥቅምት ብመጣልዎትስ?» አለ ጉዲሳ፣ ለወጉ ያህል።

«ጥቅምትን ለማየቴ ማን ዋስ ሆነኝ፣ ልጄ? እኔ ካለሁ አሁን ነው። ቦታውንም እኔው አሳይሃለሁ፤ ውሃ እንዳለው አውቃለሁ።»

ጉዲሳ እሺ አለ። አሮጊቷ ጉሙ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ እግራቸው፣ ቀጥሎ ወገባቸው፣ በመጨረሻ ጃንጥላቸው ጠፋ።

«አንዴ ነው የጠሩህ» አለች ቢፍቱ።

«አሮጊት ናቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።»

ያን ምሽት መብራቱን ሊያጠፋ ሲነሳ እጁን ያዘችው።

«ከመሄድህ በፊት ማልልኝ። ታች ሆነህ ስምህ ቢጠራ፣ ሦስት ሳይሞላ አቤት እንዳትል።»

ጉዲሳ ሳቀ። «ጉድጓድ ላይ እኮ ስም አይጠራም።»

እውነቱን ነው፤ የቆፋሪ ሕግ ነው። ስም ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አፈሩ ይለምደዋል ይላሉ። ከላይ ያለው ሰው ታች ያለውን «አንተ ሰው» ነው የሚለው፤ ውጣ ሊለው ሲፈልግ ደግሞ ገመዱን ይነቀንቅለታል።

«ካልተጠራማ ምን ቸገረህ? ማልልኝ።»

«ቢፍቱ ትሙት።»

«እኔን ተወኝና በዶማህ ማል። እሱን ነው የምትወደው።»

በዶማው ማለላት።

ከላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝለት ረዳ የሚባል ሰው ነው፤ አብረው ብዙ ጉድጓድ ያወጡ፣ አፉ የማያርፍ የልብ ጓደኛው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ያሳዩአቸው ቦታ ከቤቱ ኋላ፣ ከባህር ዛፉ ሥር ነበር። ሣሩ እዚያች ላይ ብቻ ክብ ሆኖ ለምልሟል።

አፈሩ እሺ አለው። ያለወትሮው እሺ አለው። ዶማው እንደ ቢላ በዳቦ ይገባል፤ ባልዲው ቶሎ ቶሎ ይሞላል።

«አንተ ሰው» ይላል ረዳ ከላይ፣ «ታች ሌላ ሰው ቀጥረሃል እንዴ? እኔ እኮ እጄ ተላጠ።»

ጉዲሳ አልሳቀም። ያልተነካ አፈር ሥርዓት አለው፤ ጥቁሩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች፣ ጠጠሩ ከዚያ በታች። ይህ ግን እንደ ተማሰለ ገንፎ ተደባልቋል። ከእሱ በፊት ሰው እዚህ ወርዷል። የተቆፈረና የተሞላ አፈር ደግሞ በበጋም አይታመንም፣ እንኳን በነሐሴ። ያን ጊዜ መውጣት ነበረበት። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ያ ወንበር፣ ያ የተሳለ ዶማ፣ ያ የቢፍቱ እንጉርጉሮ ትዝ አለው። ከሦስት ሰው ቁመት በላይ ወርዶ ሳለ አካፋው አንድ ነገር ያዘው።

የገመድ ጫፍ ነበር። ጥንት ይሠራበት የነበረ የቃጫ ገመድ፣ ጠቁሮ፣ ግን ያልበሰበሰ። ሳብ አደረገው። አልመጣም። ዙሪያውን በእጁ ጫረለት። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል።

«ምን አገኘህ?» አለ ረዳ።

«ሥር ነው» አለ ጉዲሳ፣ አፈር አለበሰውና ወጣ።

ለረዳ አልነገረውም። ለቢፍቱም አልነገራትም። እሷ ግን እግሩን ሊታጠብ ተቀምጦ አየችው፤ ውሃውን እያየ ነው፣ አይታጠብም።

በማግስቱ ጉሙ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝቶ አገኙት። ጉዲሳ ግድግዳው ላይ የፈለፈላቸውን መርገጫዎች እየረገጠ ወረደ። ወደ ላይ ሲያይ ሰማይ የለም፣ ረዳም የለም፤ ከነጩ ውስጥ የሚወርድ ገመድ ብቻ ነው የሚታየው። ሲቆፍር ረፈደ፣ ቀትር ሆነ፣ ቀትርም አለፈ። ዶማውን ሲያሳርፍ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። አንዳንዴም ትንፋሹን ይዞ ሳለ ይሰማል።

ያኔ ተጠራ።

«ጉዲሳ ኮ።»

የቢፍቱ ድምፅ ነው። ጉዲሳ ኮ፣ የኔ ጉዲሳ፤ በኦሮምኛ እንዲህ ብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት፤ ሌላ ሰው ብሎት አያውቅም። እንዴት እዚህ ድረስ መጣች? ቤት ምን ሆነ? አቤት ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። በዶማው መማሉ ትዝ አለው፤ ዶማው ደግሞ እጁ ላይ ነው። ዝም አለ።

«ጉዲሳ ኮ።»

ሁለተኛው ቀረብ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ጉዲሳ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ከላይ የረዳ ጨዋታ አይሰማም፤ ጉሙ የበላው ይመስላል። ሦስተኛውን ጠበቀ። ሦስተኛው ቀረ። ቀረ። እጁ ዳግመኛ ወደ ሥራው ሄደ።

ያን ጊዜ ከእግሩ ሥር ያ የቃጫ ገመድ ተነቀነቀ።

ከላይ የሚወርደው ገመድ አይደለም፤ እሱ ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። አፈሩ ውስጥ የተቀበረው ነው፣ ቆፋሪን ውጣ ሲሉት እንደሚነቀነቀው ሁሉ ከታች የተነቀነቀው።

ቀጥሎ «ጉዲሳ» አለው።

ኮ የለበትም። የወንድ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮው አፈር የሞላበት ሰው ድምፅ። ከላይም አልመጣም።

ጉዲሳ አቤት አላለም። ዶማውን ጣለ፣ ከላይ የወረደውን ገመድ አነቀ፣ መርገጫዎቹን እግሩ ያግኛቸው ይሳታቸው ሳያውቅ ወጣ። ረዳ በብብቱ ይዞ ጎትቶ ሣሩ ላይ ሲጥለው፣ ምድር ከኋላቸው እንደ ደከመ ሰው እፎይ አለች። ጉድጓዱ ከግራና ከቀኝ ተከደነ። ከዚያ ሁሉ ጥልቀት የቀረው አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ብቻ ነበር።

ረዳ ቁጭ አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ቢፍቱ የት አለች?»

«የምን ቢፍቱ?»

«ጠራችኝ እኮ።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ከዚህ ገመድ ላይ እጄን አላነሣሁም። እዚህ የመጣም የለም፣ የጠራህም የለም።» ረዳ ይህን ሲል አልቀለደም።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ነጠላቸውን እየሳቡ መጡ። ጎድጓዳውን አዩት፤ ጉዲሳንም አዩት። ካጠገቡ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጡ።

«ነግሬህ ቢሆን አትቆፍርልኝም ነበር» አሉ።

«ምኑን ነው የሚነግሩኝ?»

«እዚህ ጉድጓድ ነበር። ለዚህ ቤት አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አማቴ ያስቆፍሩት ነበር፣ በክረምት። ቆፋሪው ኢዶሳ ይባላል። ምሳውን ይዤ ስመጣ የጉድጓዱ ከንፈር ሲሰነጠቅ አየሁ። ጠራሁት። ድምፄን ሰምቷል፣ ዶማው ቆም ብሎ ነበር። ግን አልመለሰም። ደግሜ ጠራሁት። ዘመዶቹ ኋላ ለቅሶ ላይ ነገሩኝ፤ ሦስቴ ካልተጠራ አቤት የማይል ሰው ነበር አሉኝ። እኔ ሦስተኛውን ልጠራ አፌን ስከፍት መሬቱ ቀደመኝ።»

«አስከሬኑስ?»

«ወጥቷል፤ በወጉ ተቀብሯል። ገመዱ ነው የቀረው።» አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ውሃው ቢወጣ፣ ሰውም ቢጠጣው፣ ነገሩ የሚያልፍልኝ መስሎኝ።»

ጉዲሳ ወደ ቤቱ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። ቢፍቱን በጓሯቸው ካለችው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ ሲጋቡ እሱ ራሱ ቆፍሮ የሰጣት ናት። ባልዲው ባዶውን አጠገቧ ተኝቷል። ልብሱን አየች፣ ጭቃውን አየች፣ ዶማው እጁ ላይ አለመኖሩን አየች። ተነሥታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ የእውነት መሆኑን እንደምትዳስስ ሁሉ።

«ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለችው። «ውሃ ልቀዳ መጥቼ ወደ ታች ሳይ አንተ ትዝ አልከኝ። ሕጋችሁን እያወቅሁ ጉድጓድ ውስጥ ስምህን ጠራሁ።»

«ሰምቼሻለሁ።»

አልተገረመችም። እሱም እንድትገረም አልጠበቀም።

«ሦስቱንም ሰምቻለሁ» አላት።

ቢፍቱ እጇን ከፊቱ ላይ ቀስ ብላ አነሣች።

«እኔ የጠራሁህ ሁለቴ ነው። ሦስተኛውን ፈራሁ። ከዚህ ጉድጓድ ብትመልስልኝስ ብዬ ፈራሁ።»

በማግስቱ ሁለቱም አብረው ወደ ላይ ወጡ። ቢፍቱ ጎመኗን ለጎረቤት ትታ መጣች። ጉዲሳ የተውሶ አካፋ ይዟል። ወይዘሮ ዘውድነሽ በመስኮት አዩአቸውና አልወጡም። ጉዲሳ ጎድጓዳውን መሙላት ከመጀመሩ በፊት ባርኔጣውን አወለቀ። ቆፋሪ ጉድጓድ ላይ ስም አይጠራም። እሱ ግን ጎንበስ አለና፣ ሰው ጎረቤቱን እንደሚጠራ፣ ሳይጮኽ፣

«ኢዶሳ» አለ።

አንዴ። ከሦስቱ ጥሪ የቀረው ያ አንዱ ብቻ ነበርና።

ከዚያ አካፋውን አነሣ። ሞላው፣ ረገጠው፣ ሣሩን መልሶ አለበሰው። የባህር ዛፉ ጠብታ ትከሻቸው ላይ እየወረደ ወደ ታች ጉዞ ጀመሩ። ጉዲሳ የቀረውን ክረምት ከምድር በላይ ዋለ፤ የሰው አሸንዳ ጠረገ፣ ቦይ ቀደደ፣ ማንም ሳይመጣ የዋለባቸውን ቀናት ደግሞ ከቢፍቱ ጋር በሩ ላይ ጎመን እየቀነጠሰ አሳለፈ። ነፋሱ በሩን ሲገፋው ቀና ብሎ አያይም።

ጎድጓዳውን የሞሉ ቀን ግን፣ ገና ከጫካው ሳይወጡ፣ ቢፍቱ ቆመች።

«ጉዲሳ ኮ።»

«አቤት» አላት፣ በአንደኛው ጥሪ።

«ኢዶሳ መልሶልሃል። ሰማኸው?»

ጉዲሳ አካፋውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔ እንኳ ያኔ አካፋውን እያነሣሁ ነበር፤ አምልጦኝ ይሆናል» አላት፤ እጇንም ያዘና ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ወረዱ።